የውስጥ ሶል ከባት ጡንቻ ላይ ምን ያነሣል፣ ምንስ ይጨምራል?

እግሩን የሚያመው ሰው ዛሬ ሁለት ተቃራኒ ምክሮች ይደርሱታል። የጫማ መደብሮች፣ ፋርማሲዎችና የኦንላይን ሻጮች ጫማ ውስጥ የሚገባው ሶል የእግርን ቅስት ደግፎ አጥንቶችን ወደ ቦታቸው እንደሚመልስና የባትን ድካም እንደሚያስቀር ይነግሩታል፤ በባዶ እግር መሄድን የሚያበረታቱ አሠልጣኞች ደግሞ ይኸው ሶል ጡንቻን እንደሚያሰንፍና ተጠቃሚውን የዘወትር ጥገኛ እንደሚያደርገው ያስጠነቅቁታል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል ሰው፣ የሆስፒታል ረዳትም ይሁን የመጋዘን ሠራተኛ፣ አስተናጋጅም ይሁን መምህር፣ ለሶል የሚያወጣው ገንዘብ በእግሩ ቆሞ ያገኘው ገንዘብ ስለሆነ፣ የሚገዛው ዕቃ በሰውነቱ ላይ ምን እንደሚሠራ በትክክል ሊነገረው ይገባል።

መልሱን ለማግኘት ከቅስቱ ይልቅ ከጉልበት በታች ያሉትን ጡንቻዎች መመልከት ያስፈልጋል። ተመራማሪዎች በመራመድ ላይ ያለ ሰው ጡንቻ የሚያመነጨውን የኤሌክትሪክ ምልክት በኤሌክትሮማዮግራፊ እየመዘገቡ፣ ሶል ያለበትንና የሌለበትን እርምጃ ለዓመታት ሲያነጻጽሩ ቆይተዋል። የተገኘው ውጤት ከሻጮቹም ሆነ ከተቃዋሚዎቹ አባባል ጋር ሙሉ በሙሉ አይስማማም። ሶል አንዱን ጡንቻ ሲያሳርፍ ሌላውን የበለጠ ሊያሠራ ይችላል፤ የትኛው እንደሚያርፍና የትኛው እንደሚደክም የሚወስኑትም የእግሩ ቅርጽ፣ የሶሉ አሠራርና ሰውየው የሚጫማው ጫማ ናቸው።

ይህን ለመረዳት አንድ እርምጃ እንዴት እንደሚፈጸም ማየት ይጠቅማል። አንድ እግር መሬት ከነካበት ቅጽበት አንሥቶ ተመልሶ መሬት እስኪነካ ድረስ ካለው ጊዜ ውስጥ 60 በመቶ ያህሉን መሬት ላይ፣ 40 በመቶ ያህሉን በአየር ላይ ያሳልፋል። ተረከዝ መሬት ሲነካ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ከቅልጥም ፊት ለፊት ያለው ቲቢያሊስ አንቲሪየር የተባለው ጡንቻ ነው፤ እየተለጠጠም ቢሆን ኃይል ስለሚሰጥ፣ የእግሩ የፊት ክፍል በአንድ ጊዜ ዱብ እንዳይል ይዞ ቀስ አድርጎ ያወርደዋል። እግሩ በአየር ላይ ሲሆን ደግሞ ጣቶች መሬት እንዳይነኩ ወደ ላይ የሚይዘው ይኸው ጡንቻ ነው። ክብደት ሙሉ በሙሉ እግሩ ላይ ሲያርፍ እግር በመጠኑ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ ቅስቱም ትንሽ ዝቅ ይላል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ሰውነት የመሬቱን ምት የሚቀንስበት የተፈጥሮ ስልት ነው።

ዝቅታው ከልክ እንዳያልፍ የሚቆጣጠረው በባት ውስጥ በጥልቀት፣ ከቅልጥም አጥንት ጀርባ የተቀመጠው ቲቢያሊስ ፖስቴሪየር ነው። ጅማቱ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ ዞሮ ወደ ውስጥ እግር ይገባና የቅስቱን አጥንቶች ከሥር ይይዛል። በተቃራኒው ወገን በባት ውጫዊ ጎን የሚወርደው ፔሮኒየስ ሎንገስ ከውጭኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ ታጥፎ፣ ውስጥ እግርን ከሥር በአግድም አቋርጦ ከአውራ ጣት በስተኋላ ባለው አጥንት ላይ ይታሰራል። አንደኛው እግርን ወደ ውስጥ፣ ሌላው ወደ ውጭ የሚስቡ ቢሆኑም በእርምጃ መካከል አብረው እየሠሩ እግርን ያረጋጋሉ። በመጨረሻም ሰውነትን ወደ ፊት የሚገፉት የባትን ቅርጽ የሚሰጡት ሁለቱ ትልልቅ ጡንቻዎች፣ ጋስትሮክኒሚየስና ከሥሩ ያለው ሶሊየስ፣ ናቸው፤ ሁለቱም በአኪለስ ጅማት አማካይነት ተረከዝን ወደ ላይ ይስባሉ።

የዛሬዎቹ ሶሎች ከቆሙበት ሐሳብ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የመጣው በካሊፎርኒያ ይሠራ ከነበረው የእግር ሐኪም ከሜርተን ሩትና ከባልደረቦቹ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ያስፋፉት ትምህርት ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው መገጣጠሚያ አንድ ትክክለኛ መካከለኛ አቀማመጥ አለው የሚል ነበር። ከዚያ የራቀ እግር ለሕመም የተጋለጠ ነው፣ ሶል ደግሞ እግርን ወደዚያ አቀማመጥ ይመልሳል ተባለ። ሐሳቡ ለመረዳት ቀላል ስለነበር በሕክምና ትምህርት ቤቶችም በንግዱም ዓለም ሥር ሰደደ። ፈተናው የመጣው አጥንቱን ራሱን መለካት ሲቻል ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት አሌክስ ስታኮፍና ባልደረቦቹ በ5 ፈቃደኞች የተረከዝና የቅልጥም አጥንት ላይ ቀጫጭን የብረት ካስማዎች አስገብተው፣ ሰዎቹ በልዩ ልዩ ሶሎች ሲሮጡ የአጥንቶቹን እንቅስቃሴ ለኩ። ሶሎቹ ያመጡት ለውጥ አነስተኛና ከሰው ሰው የሚለያይ ሆኖ ተገኘ። የሰዎቹ ቁጥር ጥቂት ነው፤ ይሁንና ከጫማ ውጭ በሚለጠፍ ምልክት ሳይሆን በቀጥታ ከአጥንት የተወሰደ ልኬት ስለሆነ ክብደቱ ትልቅ ነው።

አጥንቱ ይህን ያህል ካልተንቀሳቀሰ፣ ብዙ ሰዎች በሶል የሚያገኙት እፎይታ ከየት ይመጣል? በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ቤኖ ኒግ እ.ኤ.አ. በ2001 ያቀረቡት መላ ምት የጥያቄውን አቅጣጫ ቀየረው። በእርሳቸው አስተሳሰብ የእያንዳንዱ ሰው መገጣጠሚያ በተፈጥሮው የሚመርጠው የእንቅስቃሴ መስመር አለው፤ ሶል ወይም ጫማ ከዚያ መስመር ሊያስወጣው ሲሞክር ጡንቻዎች መስመሩን ለመጠበቅ ተጨማሪ ሥራ ይሠራሉ፣ ከመስመሩ ጋር የሚስማማ ሶል ሲገኝ ግን ሥራቸው ይቀንሳል፣ ድካሙም ይቀላል። በዚህ መሠረት የሶል ጥራት የሚለካው እግርን ምን ያህል አስተካከለ በሚለው ሳይሆን ጡንቻን ምን ያህል ከአላስፈላጊ ሥራ አዳነ በሚለው ነው። መላ ምቱ በሁሉም ዝርዝሩ ተረጋግጧል ለማለት አይቻልም፤ ያም ሆኖ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ሶል አድርገው አንዱ ሲያመሰግን ሌላው ለምን ባቱን እንደሚያመው ሊያስረዳ የሚችል ማብራሪያ በመሆኑ ከቀድሞው ትምህርት የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

የጡንቻውን ሥራ በጥንቃቄ ከለኩት መካከል በሜልበርን፣ አውስትራሊያ፣ የላ ትሮብ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጆርጅ መርሊ፣ ካርል ላንዶርፍና ሂልተን ሜንዝ ይገኙበታል። የሥራቸው ክብደት በከፊል ከአለካኩ የሚመነጭ ነው። ቲቢያሊስ ፖስቴሪየር በሌሎች ጡንቻዎች ተሸፍኖ በጥልቀት ስለሚገኝ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ መሣሪያ ምልክቱን ከጎረቤቶቹ ለይቶ ሊይዘው አይችልም፤ ስለዚህ በመርፌ ወደ ጡንቻው የሚገባ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ መጠቀም ያስፈልጋል። በቆዳ ላይ ልኬት ብቻ ተመሥርተው ስለዚህ ጡንቻ የሚናገሩ ማስታወቂያዎችን በጥርጣሬ ማየት የሚገባውም ለዚህ ነው።

ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው ጥናት 30 ዝቅተኛ ቅስት ያላቸውንና 30 መደበኛ ቅስት ያላቸውን ጎልማሶች አነጻጸረ። ከእርምጃው አጋማሽ እስከ መግፊያው ባለው ጊዜ ቲቢያሊስ ፖስቴሪየር፣ ሰውየው በሙሉ ኃይሉ ሲወጥረው ከሚያሳየው ምልክት አንጻር፣ መደበኛ ቅስት ባላቸው ላይ እስከ 60 በመቶ ሲደርስ፣ ዝቅተኛ ቅስት ባላቸው ላይ እስከ 86 በመቶ ደረሰ። ፔሮኒየስ ሎንገስ በአንጻሩ ዝቅተኛ ቅስት ባላቸው ላይ ያነሰ ሥራ ሠራ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ጠፍጣፋ እግር ያለው ሰው በተራ እርምጃው እንኳ አንዱን ጥልቅ ጡንቻ ወደ አቅሙ ጣሪያ እያስጠጋው ይሄዳል፣ ረጅም መንገድ ሲሄድ ወይም ሲቆም ከቅልጥሙ በስተጀርባና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት አጠገብ የሚሰማው ድካምም የሰነፍነት ምልክት አይደለም።

በዓመቱ፣ በ2010፣ ያው ቡድን ዝቅተኛ ቅስት ያላቸውን ሰዎች ሶል አድርገው አስኬዳቸው። ተረከዝ መሬት ከነካበት ቀጥሎ ባለው ጊዜ የቲቢያሊስ ፖስቴሪየር ሥራ ቀነሰ፣ የፔሮኒየስ ሎንገስ ሥራ ግን ጨመረ፤ ማለትም ሁለቱም መደበኛ ቅስት ባላቸው ሰዎች ላይ ወደሚታየው ሥርዓት ተጠጉ። በእኔ አስተያየት በዚህ ዘርፍ ከተገኙት ውጤቶች ሁሉ ለተራው ተጠቃሚ የሚጠቅመው ይህ ነው። የውስጠኛው ጅማት የታመመበት ሰው ከዚህ ድጋፍ እፎይታ ሊያገኝ የሚችልበት ምክንያት አለ። ሕመሙ በውጭኛው ቁርጭምጭሚት በኩል የሆነ ሰው ግን ያንኑ ሶል ቢያደርግ የታመመውን ጡንቻ የበለጠ ሊያሠራው ይችላል። «ለእግር ሕመም የሚሆን ሶል» የሚለው አጠራር ሕመሙ በየትኛው ጎን እንደሆነ ሳይጠይቅ የሚሸጥ መድኃኒት ያህል የተዛባ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ መጨመር አለበት። ኤሌክትሮማዮግራፊ ጡንቻው ምን ያህል እንደታዘዘ እንጂ ምን ያህል ኃይል እንደሰጠ በቀጥታ አይነግረንም፤ ጡንቻ በሚረዝምበትና በሚያጥርበት ጊዜ ለተመሳሳይ ትእዛዝ የሚሰጠው ኃይል ይለያያል። ስለዚህ «የጡንቻው ሥራ ቀነሰ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሁልጊዜ «ጅማቱ ላይ ያለው ጫና በዚያው ልክ ቀነሰ» ማለት አይደለም።

ቅስትን መደገፍ ሶል ጡንቻ ላይ ከሚደርስባቸው መንገዶች አንዱ ብቻ ነው። የሶሉ ግትርነት ሌላው ነው። ኮታ ታካሃሺና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት በጣም ግትር ሶል ሲጨመር እግር ከጣቶቹ ሥር እንደ ልቡ መታጠፍ ስለማይችል ሰውነትን ወደ ፊት የሚገፋው ዘንግ እንደሚረዝም፣ ሶሊየስም የበለጠ ኃይል እያወጣ ግን በዝግታ እየተኮማተረ እንደሚሠራ አሳይተዋል። በዝግታ መኮማተር ለጡንቻ የሚመች ቢሆንም በመራመድ ላይ ያለው ሰው የሚያወጣው አጠቃላይ ጉልበት አልቀነሰም፣ ይልቁንም ጨመረ። ለፈጣን ሩጫ የተሠሩ ግትር ሶሎችን ለሥራ ጫማቸው የሚገዙ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው፤ ለሯጭ የሚጠቅመው ግትርነት በዝግታ ለሚራመድ ሰው ባት ተጨማሪ ሸክም ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው መንገድ ስሜት ነው። ውስጥ እግር ግፊትንና ንዝረትን ለአንጎልና ለአከርካሪ ነርቭ በሚያስተላልፉ የስሜት ሕዋሳት የተሞላ ነው። ማቲው ነርስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ቅርጹ ለጥ ያለ፣ ገጹ ግን ጎርበጥባጣ የሆነ ሶል ሲደረግ፣ እግር መሬት ላይ ባለበት ጊዜ የሶሊየስና የቲቢያሊስ አንቲሪየር ሥራ ቀነሰ። ሶሉ ምንም ያነሣው ወይም ያዘነበለው አጥንት አልነበረም፤ የተለወጠው ከቆዳ ወደ ነርቭ የሚሄደው መልእክት ነው። ይህ ውጤት ጉዳዩ የድጋፍ ብቻ አለመሆኑን ከማንኛውም ክርክር በላይ ያሳያል።

ጡንቻ በሶል ይሰንፋል ወይ የሚለው ጥያቄ የራሱ ቦታ ይገባዋል፣ ምክንያቱም ስጋቱ መሠረት የለሽ አይደለም። በካናዳ ካትሪና ፕሮቶፓፓስና ስቲቨን ፔሪ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት ጤነኛ ወጣቶች ለ12 ሳምንታት በልካቸው የተሠራ ሶል ሲያደርጉ፣ በአልትራሳውንድ የተለኩት የውስጥ እግር ትንንሽ ጡንቻዎች ስፋት ከ10 እስከ 17 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ውጤቱ ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን ሲጠቀስ ሦስት ነገሮች መረሳት የለባቸውም፤ የተጠኑት ሰዎች ቁጥር ጥቂት ነው፣ ሰዎቹ ሶል የሚያስፈልጋቸው ሕመምተኞች አልነበሩም፣ የቀነሱትም የውስጥ እግር እንጂ የባት ጡንቻዎች አይደሉም። በሌላ በኩል በደቡብ ኮሪያ ዶ ዩንግ ጁንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ጠፍጣፋ እግር ያላቸውን ሰዎች ለ8 ሳምንታት ሲከታተሉ፣ ሶልን ከእግር ልምምድ ጋር ያጣመሩት ሰዎች አውራ ጣትን የሚያንቀሳቅሰው የውስጥ እግር ጡንቻቸው ሶል ብቻ ካደረጉት የበለጠ ዳበረ። ልምምዱ ቀላል ነው፤ ጣቶችን ሳያጥፉ የእግሩን የፊት ክፍል ወደ ተረከዝ ለመሳብ በመሞከር ቅስቱን ከፍ አድርጎ ለጥቂት ሰከንዶች መያዝ ነው።

እንዲያውም ሶል ጡንቻን ለማጠንከር የሚረዳበት አጋጣሚ አለ። በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኮርኔሊያ ኩሊግና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2005 በኤምአርአይ ባደረጉት ጥናት ጠፍጣፋ እግር ያላቸው ሰዎች እግርን ወደ ውስጥ የመሳብ ልምምድ በባዶ እግር ሲሠሩ ሥራው ወደ ሌሎች ጡንቻዎችም ተበተነ፤ ቅስት ደጋፊ ሶልና ጫማ አድርገው ሲሠሩት ግን ቲቢያሊስ ፖስቴሪየር ተለይቶ በተሻለ ሁኔታ ሠራ። እግሩ በተስተካከለ ቦታ ሲቀመጥ ትክክለኛው ጡንቻ ሥራውን መሥራት ቻለ ማለት ነው። ስለዚህ «ሶል ወይስ ልምምድ» ተብሎ የሚቀርበው ምርጫ ሰዎችን ያለ በቂ ምክንያት ከሁለት ጥቅም አንዱን ያሳጣቸዋል።

ሕመምን በተመለከተ ማስረጃው መጠነኛ ተስፋ ይሰጣል። ላንዶርፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ተረከዛቸውን ከሥር የሚያማቸውን 135 ሰዎች ባጠኑበት ሙከራ ሶል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የእግርን አገልግሎት በመጠኑ አሻሽሏል፤ በ12ኛው ወር ግን ልዩነቱ ጎልቶ አልታየም። ለኪስ የሚጠቅመው ሌላው ግኝት በልክ የተሠራው ሶል ተዘጋጅቶ ከሚሸጠው የተሻለ ውጤት አለማምጣቱ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ በልክ የሚሠራው ሶል በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ወይም ዩሮ ሊያስወጣ ሲችል፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው በብዙ እጥፍ ይረክሳል፤ የእግሩ ቅርጽ ከተለመደው በጣም ካልራቀ በስተቀር በርካሹ መጀመር ምክንያታዊ ነው። ከባት ጡንቻ ጋር በቀጥታ የተያያዘው ውጤት ደግሞ የተረከዝ ማንሻ ነው። የላ ትሮብ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ሙከራ የአኪለስ ጅማት ሕመም ያለባቸው 100 ሰዎች የተሳተፉ ሲሆን፣ 12 ሚሊ ሜትር ተረከዝን ከፍ የሚያደርግ ማንሻ በ12 ሳምንታት ውስጥ ከተለመደው የባት ልምምድ የበለጠ ሕመምን ቀንሷል። ተረከዝ ከፍ ሲል የባት ጡንቻና ጅማቱ በእርምጃ ወቅት የሚለጠጡት በትንሹ ነው። ያም ሆኖ ተረከዝን ለዘለቄታው ከፍ አድርጎ መኖር ባትን ሊያሳጥር ስለሚችል፣ ማንሻው ሕመሙ ሲያልፍ ቀስ በቀስ የሚወጣ ጊዜያዊ መሣሪያ ተደርጎ ቢታይ ይሻላል።

አዲስ ሶል የገዛ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ሥራውን በዚያ ባይውል ይመረጣል፤ የሥራ ክፍፍሉ የተለወጠበት ጡንቻ ለመልመድ ጊዜ ስለሚፈልግ፣ በቀን አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ጀምሮ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ማሳደግ የተለመደ ምክር ነው። ቀላል የባት ድካም ይጠበቃል። ከዚህ ጊዜ በኋላ የሚቀጥል ወይም የሚብስ ሕመም ካለ ግን ሶሉ ለዚያ እግር አይሆንም ማለት ነው፣ ዋጋው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን። በአንድ እግር ቆሞ ተረከዙን ማንሣት ያቃተው፣ ወይም አንዱ ቅስቱ በጥቂት ወራት ውስጥ እየወደቀ መሆኑን ያስተዋለ ጎልማሳ ደግሞ ሶል ከመግዛቱ በፊት ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት፤ ይህ የቲቢያሊስ ፖስቴሪየር ጅማት እየተጎዳ መሆኑን የሚያመለክት ሊሆን ይችላል፣ በጊዜ ካልተያዘም እግሩ ጠፍጣፋ እንደሆነ ይደርቃል።

በስኳር በሽታ ወይም በሥጋ ደዌ ምክንያት የእግራቸው ስሜት የጠፋ ሰዎች ከዚህ ሁሉ ክርክር ውጭ ናቸው። በአዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል ለሥጋ ደዌ ታካሚዎች የሚዘጋጁትን የመሰሉ ልዩ ጫማዎችና ለስላሳ ሶሎች ዓላማቸው ጡንቻን ማሳረፍ አይደለም። የነርቭ ጉዳት የውስጥ እግር ጡንቻዎችን ሲያደክም ጣቶች ይቆለመማሉ፣ ክብደት በጥቂት ቦታ ላይ ይከማቻል፣ ሰውየው ስለማያመውም ቁስሉን ሳያውቀው ይራመድበታል። ለእነርሱ ሶሉ ግፊትን በማከፋፈል እግርን ከመቆረጥ የሚታደግ የሕክምና ዕቃ ስለሆነ፣ «ጡንቻህ ይሰንፋል» የሚል ምክር ሰምተው እንዳያወልቁት በጥብቅ መነገር አለበት።

ወላጆች የሚጠይቁት የልጆች ጉዳይ ግን ብዙውን ጊዜ ከዚህ የቀለለ ነው። ሕፃን ሁሉ ማለት ይቻላል ቅስቱ ሳይታይ ነው መራመድ የሚጀምረው፤ ቅስቱ በመጀመሪያዎቹ ዐሥር ዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይወጣል። ዴኒስ ዌንገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ሙከራ ተጣጣፊ ጠፍጣፋ እግር ያላቸው ትንንሽ ልጆች ቢያንስ ለሦስት ዓመታት ማስተካከያ ጫማ ወይም ሶል ሲያደርጉ ቆይተው፣ ምንም ካላደረጉት ልጆች የተለየ የቅስት ዕድገት አላሳዩም። ልጁ ሳያመው የሚሮጥ ከሆነ፣ በእግር ጣቶቹ ሲቆምም ቅስቱ ብቅ የሚል ከሆነ፣ ሶል የሚያስገዛ ምክንያት የለም፤ እግሩ ግትር ከሆነ፣ ካመመው ወይም አንዱ እግር ከሌላው ከተለየ መታየት ያለበት በሐኪም ነው።